ደወል

ወንዙ እንደ ክርን በታጠፈበት፣ ከሁለት ኮረብታ መሐል፣
ብራከንሎ ተቀምጣለች፣ የበግ ጉረኖ ታህል።
ሦስት ጎዳና አላት፣ አንድ አደባባይ፣
አደባባዩ ላይ ዓምድ፣ ዓምዱ ራስ ላይ እንስሳ፤ ለሚያይ
አንበሳም በግም ይመስላል፤ አፍንጫውን ውርጭ በልቶት፣
አራት መቶ ክረምት ዝናብ ልሶ ልሶ፣ መልኩን አስረስቶት።

እዚህ ዓምድ ሥር ነበር፣ ቅቤና የበግ ጠጉር ሲሸጥ፣
ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ አንገቱ በብረት ሲያዝ፣ ሕፃን ሁሉ ሲያላግጥ።
የብረቱ ቀለበት ዛሬም ተንጠልጥሏል፣ ከተዘጋው ባንክ በራፍ፣
ቱሪስት አንገቱን ከቶ ፎቶ ሳይነሣ አያልፍ።

ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ኤፊ ዳልግሊሽ ካፖርቷን ደርባ፣
የማማውን ደረጃ ትቆጥራለች፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ ሰባ፤
ገመዱን ትስባለች ሃምሳ ጊዜ፣ ሳታጎድል፣ ሳታበዛ።
«እሳት ዳፍኑ» ማለት ነበር፣ ጣራው ሣር ሳለ፣ ነፋስ ፍንጣሪ ሲነዛ።
አንድ ሌሊት ግማሹ ከተማ ከአንድ ምድጃ ተነሥቶ ነደደ፤
ከዚያ ሌሊት አመድ ውስጥ ነው ይህ ደወል የተወለደ።

ዛሬ ማን እሳት ይዳፍናል? ምድጃው በቁልፍ ይበራል፣
የቴሌቪዥን ብርሃን ብቻ መጋረጃው ላይ ይዘላል።
ኤፊ ግን ትወጣለች። ጉልበቷ ደረጃውን ይራገማል።
ምክር ቤቱ በዓመት የሚከፍላት ለአንድ ጥንድ ጫማ አይበቃም፤
«ለምን?» ሲሏት፣ «አባቴ ይደውል ነበር» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

በሰኔ ደግሞ ፈረስ እንጭናለን።
ነገሩ የቆየ ነው፤ የድሩምሎ ባላባት ድንጋያችንን በሌሊት ነቅሎ፣
ሁለት መቶ ክንድ ወዲህ ተከለው፣ «አያዩም» ብሎ።
ግሪዘል የምትባል ልብስ አጣቢ፣ ወንዝ ዳር ያመሸች፣
በጨረቃ የሰውየውን ላብ፣ የበሬዎቹን ትንፋሽ አየች።
ጠዋት ዓምዱ ሥር ቆማ፣ እርጥብ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣
ተናገረች። እሱ ሳቀ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከረመ፣ ስድስት ክረምት፣ ስድስት በጋ።
ድንጋዩ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ እሷ አፈር ለብሳ ነበር፤
ከዚያ ወዲህ ዓመት አያልፍም፣ ሳንዞረው ያንን ድንበር።

አምና ባንዲራ የያዘው ኒኒያን ነው፣ ቧንቧ ጠጋኝ በሙያው፤
ቦቲው የወንድሙ፣ ፈረሱ የኪራይ፣ የራሱ ፍርሃቱ ብቻ ነው።
ስድስቱን ድንጋይ ሜዳ ላይ አገኘን፤ ሰባተኛው ጋ ሲደረስ፣
የሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ነው፤ በመኪኖች መሐል ፈረስ።
ኒኒያን ወርዶ ድንጋዩን በበትር ሦስቴ መታና፣ «አለ!» አለ፤
«አለ!» ብሎ ሕዝቡ ተቀበለ።
ወተት ገዝታ የወጣች ሴት፣ የመኪናዋን በር እንደያዘች፣
እሷም «አለ» አለች በለሆሳስ፣ ከወዴት እንደመጣላት ሳታውቅ፤ ደነገጠች።

ዘንድሮ በጥር፣ በረዶው መስኮት ሲደርስ፣ ኤፊን ሳንባ ምች ጣላት፤
ሁለት ሰዓት ሆነ። አለፈ። ማማው ዝም አለ፣ እንደ ሙት ቤት።
መጀመሪያ አልገባንም፣ ምን እንደጎደለ፤
አንዱ ሰዓቱን አየ፣ አንዷ ሬዲዮ ቀነሰች፣ ውሻው ከምንጣፍ ተነሥቶ ዋለለ።
ዳቦ ጋጋሪው በፒጃማ ወጣ። ጎረቤቱም ወጣች።
በአጥር ተጣልተው ዐሥር ዓመት የተኳረፉ ሰዎች፣
በረዶው መሐል ቆመው፣
«ሰማሽ?»
«አልሰማሁም።»

ቤት አልተቃጠለ፣ ድንጋይ አልተነቀለ፤ ግን የሆነ ነገር የተገፋብን መሰለን።
ከተማችን ድምፁ እስከሚደርስበት ድረስ ነበረች እኮ፤ እስከዚያ ማታ ማን ነገረን?

ኒኒያን ወጣ። አላወቀበትም፤ ቆጠራው ተምታታበት፤
ሃምሳ ሦስት ደወለ ይላሉ፤ ማንም አልፈረደበት።
ኤፊ ብቻ፣ አልጋዋ ላይ፣ ብርድ ልብሱን በጣቷ እየመታች ስትቆጥር ቆይታ፣
«ሦስት አበዛ» አለች፣ «ነገ ይምጣና ላስተምረው፣ ማታ።»
ከዚያ እጇን ሰደደች፤
የኤሌክትሪክ ማሞቂያዋን አጠፋች።